ቲርዛ ኩባያዋን የት ትስቀል?

በእኛ የሳር የአውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ሁለት ቤት አለ። በምሥራቅ ጫፍ ያለው የጡብ ግድግዳና ምንጣፍ ያለው የአውሮፕላን ክበብ ነው። በምዕራብ ጫፍ ያለው የእኛ ነው፤ ድሮ የሽንኩርት መጋዘን የነበረ ቆርቆሮ ቤት፣ ዝናብ ሲጥል ሰው እርስ በርሱ የማይደማመጥበት። እነሱ በርና መስኮት ያለው አውሮፕላን ያበራሉ። እኛ የምናበረው ማይክሮላይት ነው፤ ከጨርቅ ክንፍ ሥር የተንጠለጠለ፣ ሦስት ጎማና ሁለት ወንበር ያለው፣ ከላይም ከጎንም ክፍት የሆነ ነገር። እነሱ የእኛን «የሳር ማጨጃ» ይሉታል። እኛም የእነሱን «የሰርዲን ቆርቆሮ» ብለን መልስ እንሰጣለን።

በሁለቱም ቤት ግድግዳ ላይ ምስማር ተደርድሯል። አባል የሆነ ሰው የሻይ ኩባያውን እዚያ ይሰቅላል። መዝገቡና ፈተናው በኋላ የሚመጣ ነገር ነው፤ ሰው የየትኛው ቤት እንደሆነ የሚታወቀው ኩባያው በተሰቀለበት ነው። በሁለቱም ቤት የሰቀለ ሰው እስካሁን አላየሁም፤ ባይም ደስ አይለኝም።

ቲርዛ ሃባርድ ግን አንድ ሙሉ ጸደይ ኩባያዋን በካፖርቷ ኪስ ይዛ ዞረች።

እኔ ዊልፍ እባላለሁ፤ በቆርቆሮው ቤት አስተማሪ ነኝ። ስለዚህ አላዳላም ብል ማንም አያምነኝም። አዳላለሁ። ሰማይ ላይ ወጥቶ ነፋስ ፊቱን ያልነካው ሰው ምን ሊሠራ ወጣ የምል ሰው ነኝ። የቲርዛን ነገር ግን ያየሁትንና ራሷ የነገረችኝን ሳልጨምር ሳልቀንስ አወራለሁ።

ቲርዛ አበባ አሳሪ ናት። አገራችን ከባሕር ወለል በታች የሆነ ረባዳ ሜዳ ነው፤ ቦዮቹ ቀጥ ያሉ፣ ሰማዩ ከምድሩ የሚበልጥ። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከቦዩ ይነሣና እስከ ወገብ ይደርሳል፤ ያኔ የቤተ ክርስቲያኑ ሾጣጣ ጣሪያ ብቻውን ይንሳፈፋል። በዚያ ጉም መሀል ቲርዛ በብስክሌቷ ወደ አበባ ማሸጊያው ትሄዳለች፤ ቀኑን ሙሉ ቱሊፕ በላስቲክ እያሰረች ትውላለች። ከአበባው በሚወጣው ፈሳሽ ጣቶቿ ወቅቱ እስኪያልፍ ይቆስላሉ። ሃምሳ ዓመት አልፏታል፤ አላገባችም፤ ዝምተኛ ናት። ስታናግራት መልሱን ከሩቅ ቦታ ይዛልህ እንደምትመጣ ዓይነት ቀስ ትላለች።

ወደ ሜዳው ያመጣት የአባቷ የሴድሪክ ነገር ነው። ሴድሪክ በወጣትነታቸው ለውትድርና ሄደው በአየር ኃይል የአውሮፕላን ጎማ ሲቀይሩ ነው የከረሙት፤ አንድም ቀን ግን አልበረሩም። ከዚያ ተመልሰው ሰማንያ ዓመት እስኪያልፋቸው ቱሊፕ ሲያበቅሉ ኖሩ። ሚስታቸው ሜቪስ የተቀበሩ ዕለት፣ ከቀብር መልስ ሰው ሻይና ሳንድዊቹን ይዞ ቆሞ ሳለ ሽማግሌው፣ «ዕድሜዬን ሙሉ ጎንበስ ብዬ ያየሁትን መሬት አንድ ጊዜ እንኳ ከላይ ሳላየው ልሞት ነው» አሉ። ሌላው ሰው ወደ ሳንድዊቹ ተመለሰ። ቲርዛ ግን በልቧ ያዘችው።

ለቱሪስት በሚያበር አንድ ሰው እንዲሄዱ ብትለምናቸው «ከማላውቀው ሰው ጋር ተቀምጬ አልሞትም» ብለው እምቢ አሉ። እንግዲያው ራሷ ልትማር ተነሣች።

አጥሩ ላይ ተደግፋ የሁለቱን ቤት ልዩነት ስትጠይቀኝ እውነቱን ነገርኳት። የማይክሮላይት ፈቃድ የሚጠይቀው የበረራ ሰዓት የዚያኛውን ግማሽ ያህል ነው፤ ወጪውም ይቀላል። የምትይዢው ግን አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ከኋላሽ ይቀመጣል፤ ብርድም ይመታዋል። የግል አብራሪ ፈቃድ የምትይው ረጅም ነው፤ የሐኪም ምርመራውም ትምህርቱም ይበዛል፤ ከጨረስሽ ግን ቤተሰብ ሰብስበሽ ባሕር ተሻግረሽ ምሳ በልተሽ ትመለሻለሽ።

«በር አለው?» አለችኝ።

«የኛ? የለውም። በር ለምን?»

«አባዬ በር የሌለው ነገር ውስጥ አይገባም።»

ነገሩ እውነት ነበር። ሴድሪክ መኪናቸውን አጥሩ ጋ አቁመው፣ ማሞቂያውን ለቀው፣ መስኮቱን አንድ ጣት ያህል ከፍተው ይታዘቡናል። እኔ ሳልፍ፣ «ዛሬ ደግሞ የት ልታጭድ ነው?» ይሉኛል።

«ከርስዎ ጭንቅላት በላይ ያለውን፣ ሴድሪክ።»

«ተጠንቀቅ ዳክዬ፤ ጨርቁ እንዳይዘንብበት።»

በእኛ አገር ሰው ሰውን ዳክዬ ይላል፤ ሲወድም ሲሰድብም።

ቲርዛ የመጀመሪያ ትምህርቷን የወሰደችው በጡቡ ቤት ነው። አስተማሪው ፋርንዴል ይባላል፤ ጡረታ የወጣ የመንገደኞች አውሮፕላን አብራሪ፣ ነጭ ሸሚዙን ለሳር ሜዳም ቢሆን ተኩሶ የሚመጣ ሰው። ክፉ አይደለም፤ ይህን ማለት አልወድም ግን ክፉ አይደለም። ሜዳውን ለቅቀው ቦዮቹ ክር ሲመስሉ መሪውን ሰጣትና፣ «እስቲ አፍንጫውን ትንሽ ከፍ አድርጊው» አላት።

ቲርዛ መሪውን በሁለት እጇ ወደፊት ገፋች። አውሮፕላኑ አፍንጫውን ወደ መሬት ደፋ። የፋርንዴል እስክሪብቶ ከኪሱ ወጥቶ አየር ላይ ተንሳፈፈ፤ የሻይ ቴርሞሱም ወንበሩን ለቀቀ። ፋርንዴል ቀስ ብሎ መሪውን ወደ ራሱ ሳበው፤ ቴርሞሱም ተመለሰ።

«ከዊልፍ ጋር በረሽ አልነገርሽኝም» አላት።

«ኧረ በርሬ አላውቅም።»

«አትዋሺ ዳክዬ። ይሄ የጨርቅ ሰዎች ስህተት ነው።»

አልተሳሳተም። በአውሮፕላን ከፍ ለማለት ትስባለህ። በእኛ ክንፍ ግን ከፍ ለማለት ከፊትህ ያለውን ዘንግ ትገፋለህ። ሁሉም ነገር ግልብጥ ነው፤ ከእኛ ወደ እነሱ የሄደ ሰው እጁ እስኪለምድ ድረስ ሞቱን ሊጠራ ይደርሳል። ይህን ስህተት የሚሠራው ለዓመታት በጨርቅ ክንፍ የበረረ ሰው ነው። ቲርዛ ግን ከብስክሌት ሌላ ምንም ነድታ አታውቅም።

ነገሩ ከነከናትና በሳምንቱ ወደ እኔ መጣች። ጠዋት ነበር፤ ጉሙ ገና ሳሩ ላይ ተኝቷል። ከኋላ አስቀምጫት ጉሙን ሰንጥቀን ወጣን። ከላይ ሆኖ ሲታይ አገሩ ሁሉ ወተት ሆኗል፤ የዛፎች አናት እዚህም እዚያም ብቅ ብሏል። ለአስተማሪ የተሠራው ረዘም ያለ እጀታ ከኋላም ይደረስበታልና፣ «ያዢው። ከፍ እንበል» አልኳት።

ገፋች። ክንፉም ምንም ሳያንገራግር ከፍ አለ።

በማዳመጫዬ ውስጥ ትንፋሿ ቆመ። ቀጥሎ ሳቅም ልቅሶም የሚመስል ድምፅ ሰማሁ። ዞሬ ላያት አልቻልኩም። ጋዙን ጨመርኩላት።

ከወረድን በኋላ ኩባያዋን ከኪሷ አውጥታ ሻይ ቀዳችና ነገረችኝ። ከልጅነቷ ጀምሮ አንድ ሕልም ታያለች። በጉም ላይ ትቆማለች፤ ሁለት መዳፏን ከፊቷ ዘርግታ አየሩን ትገፋለች፤ በገፋች ቁጥር ከፍ ትላለች። ምንም አትሰማም፤ ከበታቿ ቦዮቹ ያበራሉ። አንዳንድ ወር አይመጣም፤ ይመጣል ብላ ግን ሁልጊዜ በተስፋ ትተኛለች።

«ለማን ነግረሽ ታውቂያለሽ?» አልኳት።

«ለማንም። ሰው ምን ይላል? የአበባው ሽታ ራሷ ላይ ወጣ ነው የሚሉኝ።» ኩባያዋን ባዶ አድርጋ ተመለከተችው። «ዊልፍ፣ እኔ እኮ ዛሬ አዲስ ነገር አላየሁም። የማውቀው ቦታ ነው የወሰድከኝ።»

በግድግዳችን ላይ አንድ ባዶ ምስማር አሳየኋት። ኩባያዋን አጥባ ወደ ኪሷ መለሰችው።

ችግሩን አውቃለሁ። ሴድሪክ በየወሩ እየከበዱ ነው፤ ከመኪናቸው ለመውጣት እንኳ የበሩን ጠርዝ ይዘው ይቃትታሉ። የእኔን ክንፍ ከመረጠች ሕልሟን ታገኛለች፤ ሽማግሌው ግን አገራቸውን ከላይ ሳያዩ ይሞታሉ። አውሮፕላኑን ከመረጠች እሳቸው ያያሉ፤ እሷ ግን ዕድሜ ልኳን የጠበቀችውን በሩ ላይ ደርሳ ትመለሳለች። ሁለቱን ለመማር ደግሞ ኪሷም ጊዜዋም አይበቃም።

በግንቦት አንድ ቀን ኩባያዋ በጡቡ ቤት ምስማር ላይ ተሰቅሎ አየሁት። ሰማያዊ ነው፤ ጠርዙ የተሸረፈ። ተናደድኩ። አባቷን ስላስቀደመች አልነበረም፤ ሳትነግረኝ በመስቀሏ ነው። ውሸት፤ በሁለቱም ነው የተናደድኩት።

የብርዱ ወራት እስኪጠጋ ድረስ ከፋርንዴል ጋር ተማረች። ሬዲዮ አነጋገር ለመደች፤ ካርታ ማንበብ ለመደች። የሬዲዮውን ቁልፍ ተጭና ረስታ ለራሷ ስታንጎራጉር ሁለቱም ቤት ስለሰማት፣ እንደ ሜዳችን ደንብ ለሁለቱም ቤት ኬክ ጋገረች። በርራ ስትወርድ ግን ፊቷ ጥርሱን አስነቅሎ እንደወጣ ሰው ነው። እጇም አልሰማ አላት፤ በደነገጠች ቁጥር ትገፋለች። ፋርንዴል ራሱ አንድ ቀን ቆርቆሮው ቤት ድረስ መጥቶ፣ ሸሚዙን እንዳያቆሽሽ ቆሞ፣ «ታታሪ ናት፤ እጆቿ ግን ሌላ ቦታ ናቸው» አለኝ።

«የት እንዳሉ አውቃለሁ» አልኩት።

ነገሩ የተለወጠው አንድ ቀን ቁርስ ላይ ነው። ሴድሪክ የእንቁላላቸውን አናት እየሰበሩ፣ «ምን ሆነሻል?» አሏት። «ለመብረር ትሄጃለሽ፣ ከቀብር እንደመጣ ሰው ትመለሻለሽ።»

«ደህና ነኝ አባዬ።»

«ደህናስ አይደለሽም። ያ ባለ ነጭ ሸሚዝ ተናገረሽ?»

እሷም መደበቁ ሰለቻት መሰለኝ ነገረቻቸው። ሕልሙን፣ ጉሙን፣ ማንም ሳያስተምራት መግፋቷን። አባቷ ይስቃሉ ብላ ጠብቃለች። ሽማግሌው ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

«በሁለት እጅ ነው?»

«በሁለት።»

«መዳፍሽን ዘርግተሽ?»

«አዎ። ምነው?»

ሽማግሌው ተነሥተው፣ የደረጃውን መደገፊያ ይዘው፣ እያረፉ ወደ ላይ ወጡ። ከዚያ ጠሯት። ከሜቪስ ጋር የተኙበት አልጋ ዛሬም የሳቸው ነው። ትራሱን አንሥተው የእንጨቱን ራስጌ አሳዩዋት። ቫርኒሹ በሁለት ቦታ ለቅቋል፤ የሁለት መዳፍ ያህል፣ ጎን ለጎን። ከራስጌው ጀርባ፣ ግድግዳው ላይ፣ እሳቸው ራሳቸው ያጣበቁት የሱፍ ቁራጭ አለ፤ እንጨቱ ግድግዳውን እንዳያንኳኳ ብለው።

«እናትሽ ተኝታ ትገፋ ነበር» አሉ። «ካገባኋት ጀምሮ። እጇን ከራሷ በላይ ታደርግና ትገፋዋለች፤ አልጋው ይንኳኳል፤ እሷ ፈገግ ብላለች። እኔ የሥራ ድካም ነው እል ነበር።»

ቲርዛ መዳፎቿን በለቀቀው ቫርኒሽ ላይ አኖረቻቸው። ልክ ሆኑላት።

ይህን ስትነግረኝ የራሴን ኩባያ ከምስማሩ አውርጄ በእሱ ሻይ ቀዳሁላት፤ ማንም የሚያውቀኝ ሰው ይህ ቀላል ነገር እንዳልሆነ ያውቃል።

በዚያው ሳምንት የሴድሪክ መኪና በጡቡ ቤት በር ላይ ቆመ። ሽማግሌው እየተጎተቱ ገቡና ሰማያዊውን ኩባያ ከምስማሩ አነሡ።

«ሴድሪክ፣ እሱ የቲርዛ ነው» አላቸው ፋርንዴል።

«መሆኑን አጣሁት? እኔ ነኝ የገዛሁላት።»

ኩባያውን ጭናቸው ላይ አድርገው እየነዱ ሜዳውን ዞረው ወደ እኛ መጡ። የእኛ ምስማሮች እስከዚያ ሁሉም ተይዘው ነበር። ሴድሪክ ግን ከኮታቸው ኪስ መዶሻ አወጡ፤ ሁለት ምስማርም አወጡ። ማንንም ሳያስፈቅዱ ግድግዳዬን ቀጠቀጡት። በአንዱ የልጃቸውን ኩባያ ሰቀሉ።

«ሁለተኛው የማን ነው?» አልኳቸው።

«የኔ ነዋ። ሻይ የማልጠጣ መሰለህ?»

«በር የለውም እኮ።»

«አይቻለሁ። ዓይኔ ገና አልፈዘዘም። ልጄን አስተምራት።»

አስተማርኳት ማለት ያሳፍረኛል። ስሟን የሚያውቅ ክንፍ ላይ አስቀምጬ የሬዲዮውንና የሕጉን ነገር አስታወስኳት፤ ሌላውን እጇ ያውቀዋል። የብርዱን ወራት ሁሉ ጉም እየከለከለን፣ ዝናብ ቆርቆሮውን እየደበደበው፣ ሻይ እየጠጣን ጠበቅን። ሴድሪክም ከኛው ጋር ተቀምጠው ጠበቁ፤ አሁን ደግሞ የሰርዲን ቆርቆሮ እያሉ በእነፋርንዴል ይቀልዳሉ። ትንፋሻቸው ግን እያጠረ ነበር። ቲርዛ ሰማዩን ስታይ አባቷን፣ አባቷን ስታይ ሰማዩን ታያለች። ጊዜው እንዳይቀድማት ፈራን፤ ፋርንዴልም ሳይቀር ፈራ።

ፈቃዷ የመጣው ቱሊፑ ሲፈነዳ ነው። አገሩ ሁሉ ቀይና ቢጫ ምንጣፍ የሚሆንበት ሰሞን። ነፋስ የሌለበት ጠዋት ጠብቀን ሴድሪክን ካፖርት በካፖርት ላይ ደረብንላቸው። እግራቸው አልነሣ ሲል ሽንኩርት የሚመስለው የቱሊፕ ሥር የሚያዝበትን የእንጨት ሣጥን እየደራረብን ደረጃ ሠራን። ለካስ ፋርንዴልም ሜዳውን አቋርጦ መጥቷል፤ የነጭ ሸሚዙን እጅጌ ጠቅልሎ በብብታቸው ያዛቸው። «አታቆሽሸው፤ ሚስትህ ትገድልሃለች» አሉት ሴድሪክ። ከኋላ አስቀመጥናቸው፤ ጉልበቶቻቸው የልጃቸውን ወገብ ከግራና ከቀኝ ያዙ።

ተነሡ። ጉሙ አሁንም መሬቱን አልለቀቀም፤ ክንፉ እላዩ ላይ ነጠላ ጥላውን እየጎተተ ሄደ፤ ከዚያ ራቀ፤ ከዚያ የሞተሩ ድምፅ ብቻ ቀረ።

በቆርቆሮው ቤት ሬዲዮ ክፍት ነበር። በጡቡም ቤት እንዲሁ። ቲርዛ ዘንጉን ስትጨብጥ አውራ ጣቷ የሬዲዮውን ቁልፍ ተጫነው፤ አልለቀቀውም። ያዋስኳት አሮጌ ማዳመጫ ደግሞ የሁለቱንም ድምፅ ያወጣል። ቁልፉ እስከተጫነ ድረስ እኛ ብንናገርም እሷ አትሰማንም።

መጀመሪያ የነፋስ ድምፅ ነው የሰማነው። ቆይቶ ሴድሪክ፣ «ያ የኛ ቦይ ነው?» አሉ።

«አዎ አባዬ። ቀዩ የኛ ማሳ የነበረው ነው።»

«ትንሽ ነው። ለካ ይህን ያህል ትንሽ ነው። እኔ እኮ ትልቅ መስሎኝ ነበር።»

በቤታችን ማንም ኩባያውን አላነሣም።

«በረደህ?»

«አልበረደኝም። ቲርዛ።»

«አቤት።»

«እናትሽ የምትመጣው እዚህ ነበር።»

ሞተሩ ዝቅ ሲል ሰማን።

«እዚህ ነበር የምትመጣው» አሉ ሴድሪክ፤ ድምፃቸው ከሬዲዮው ፍርፍርታ ጋር ተቀላቀለ። «እኔ ደግሞ አልጋውን አታንኳኪ እያልኩ እቀሰቅሳት ነበር።»

ፋርንዴል በራችን ላይ ቆሞ ኖሮ አንገቱን ደፋ።

«ግፊ ልጄ» አሉ ሴድሪክ በሬዲዮው። «እኔ አልቀሰቅስሽም።»